ቢጫውን የሚያወጣው ዳለቻው ነው

ጆሯችሁን ወዲህ አቅርቡልኝ። ይህ ከሸራው ጀርባ የሚወራ ወሬ ነው፤ በዐውደ ርዕይ መክፈቻ ላይ ሲነገር አትሰሙትም። ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም አልፎ ቡሬ በሚደርሰው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ሆቴሎች፣ ካፌዎችና የሰው ሳሎኖች ውስጥ «ውይ! እውነተኛ አበባ ይመስላል» የሚባልለት የአደይ አበባ ሥዕል ተሰቅሎ ካያችሁ፣ በዚያ ሸራ ላይ ካለው ቀለም ሁሉ ትንሹ ንጹሕ ቢጫው ነው። ከቱቦው እንደወጣ፣ ሌላ ቀለም ሳይነካው ሸራው ላይ ያረፈው ቢጫ ተጠራቅሞ ቢለካ አንድ መዳፍ ቢሸፍን ነው። የቀረው ዳለቻ ነው፣ ቡላ ነው፣ ወይራማ አረንጓዴ ነው፣ ሰማያዊ የነካካው ግራጫ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለቢጫው ነው፤ ሰዓሊው ግን ቀኑን የጨረሰው ዳለቻውን ሲበጠብጥ ነው። ይህን ለደንበኛው የሚናገር ሰዓሊ አላጋጠመኝም። «ታዲያ ገንዘቤን ለአመድ ነው የከፈልሁት?» ቢባል ምን ይመልሳል?

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ቢጫ ከቀለማት ሁሉ ጠባዩ የከበደ ነው። ቀይን ብታጠቁሩት ጥቁር ቀይ ይሆናል፤ ሰማያዊን ብታጠቁሩት የሌሊት ሰማይ ይመስላል፤ ሁለቱም ስማቸውን አይለቁም። ቢጫ ግን ጥላ አይችልም። ጥቁር ጠብ ሲያደርጉበት ወደ አረንጓዴ ይሸሻል፤ አብዛኛው ጥቁር ቀለም ውስጥ ውስጡን ሰማያዊ ያዘለ ነውና። ቡኒ ሲጨምሩበት ደግሞ ይሞታል። ስለዚህ ጀማሪው ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ወይ ጥላውን ይተወውና አበባው ከወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል፤ ወይ በጥቁር ያጠላውና አበባው ሻጋታ የያዘው ይመስላል። በየከተማው ገበያ የሚሸጠውን የአደይ ሥዕል በእነዚህ በሁለቱ ክፍል ብትመድቡት ብዙ የሚተርፍ አይኖርም።

ሙያው የገባው ሰው በቢጫው ጥላ ላይ ጥቁር አያስጠጋም። የሚጀምረው ከላይ፣ ፀሐይ ከመታው ጫፍ ነው። እዚያ ሎሚማ ቢጫ ከብዙ ነጭ ጋር ይገባል። ከዚያ ዝቅ ሲል ሞቅ ያለው መካከለኛ ቢጫ ይመጣል። ብርሃኑ ሲሸሽ ኦከር፣ ማለትም የአፈር ቢጫ፣ ቦታውን ይወስዳል። አንዱ የአበባ ቅጠል ሌላውን በሚጋርድበት ጥልቅ ቦታ ደግሞ ኦከሩ ላይ ወይን ጠጅ በብሩሽ ጫፍ ይነካል። ወይን ጠጅ የቢጫ ተቃራኒ ነውና ሳያጠቁር ያደበዝዘዋል፤ የሚወጣው ቡላ ቀለም ብቻውን ቢታይ የታጠበ ጭቃ ነው፣ ቢጫው አጠገብ ሲቀመጥ ግን ጥላ ውስጥ ያለ ቢጫ ይሆናል። ከቱቦ የወጣው ንጹሕ ቢጫስ የት ገባ? እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ንጹሑ ቢጫ የሚቀመጠው ፀሐይ ፊት ለፊት በመታው ቦታ አይደለም። የሚቀመጠው ብርሃን ከኋላ ሰንጥቆ በሚያልፍበት፣ ቅጠሉ እንደ ፋኖስ ከውስጡ በሚበራበት ቦታ ነው። ጠዋት አደይን ከፀሐይ ወዲህ ማዶ ሆናችሁ ተመልከቷት፤ ፊቷ የነጣ ነው፣ ጀርባዋ ግን ይነድዳል። ይህን ያየ ሰዓሊ ቢጫውን ቆጥቦ ለዚያች ስፍራ ያስቀምጣል።

ጠዋት ያልሁት ያለ ነገር አይደለም። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከምድር ወገብም በስተ ሰሜን ከ10 ዲግሪ እምብዛም አትርቅም። በመስቀል ሰሞን፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ አናት ላይ ልትወጣ ጥቂት ይቀራታል። ጥላ ሁሉ ከእግር ሥር ይሰበሰባል። የአደይ አበባ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ስለምትከፈት በዚያ ሰዓት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ብርሃን ይመታታል፤ ቅርጿም ይጠፋል። ሁነኛ ሰዓሊ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት፣ ከሰዓት በኋላም ከአሥር ሰዓት ወዲህ ነው የሚሠራው። መሐሉን ቡና ይጠጣበታል፤ ወይም ጀርባውን ይቀባበታል። በደጋው አየር ጥላ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከሰማይ የሚመጣው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ከታች ደግሞ የቡሬና የጃቢ ጠህናን ወረዳዎች ቀይ አፈር የራሱን ሙቀት ወደ ላይ ይመልሳል። ስለዚህ የአንዲት አደይ የላይኛው ጥላ ቀዝቃዛ፣ የታችኛው ጥላ ሞቃት ነው። ይህችን ልዩነት የያዘ ሥዕል ማሳ ዳር እንደተሣለ ያስታውቃል። ለምን እንደሆነ ግን ተመልካቹ አያውቀውም፤ ማወቅም የለበትም።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ዛሬ በገበያ ላይ ካለው «ተፈጥሮን ቁጭ ያደረገ» የአበባ ሥዕል ብዙው ከስልክ ፎቶ የተቀዳ ነው። መቅዳቱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ስልክ ቢጫን እንደማይችል አለማወቅ ነው። ካሜራ ደማቅ ቢጫ ሲያይ ቀዩንም አረንጓዴውንም የብርሃን መጠን እስከ ጣሪያው ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ ልዩነት መመዝገብ አይችልም። የአበባው ቅጠል ላይ ከሥር ወደ ጫፍ የሚሮጡት ቀጫጭን መስመሮች ይጠፋሉ፤ ጥላና ብርሃኑ አንድ ወጥ ቢጫ ይሆናል። ስልኩ በዚያ ላይ አረንጓዴውን ደስ እንዲል ያደምቀዋል። ቀድቶ የሚሥለው ሰውዬ ያየውን በታማኝነት ይሠራል፤ ያየው ግን አበባ ሳይሆን የስልክ ስሕተት ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ወደ ሥዕሉ ጠጋ በሉና በቅጠሎቹ ላይ መስመሮቹን ፈልጉ። አንድም ከሌለ፣ ሰዓሊው ማሳ ዳር አልቆመም።

ሁለተኛው ሐሜት ስለ ኑግ ነው። ከአዲስ አበባ መጥቶ በመኪና መስኮት ጎጃምን ያየ ሰው እስከ አድማስ የተዘረጋ ቢጫ ሜዳ ሥሎ ሲያበቃ «የአደይ አበባ ሜዳ» የሚል ስም ይሰጠዋል። የሣለው ኑግ ነው። ኑግ በክረምት ተዘርቶ በመስከረምና በጥቅምት ማሳውን ሙሉ የሚያብብ የቅባት እህል ነው፤ አደይ ግን በራሷ ጊዜ በድንበሩ፣ በቦዩ ዳር፣ በግጦሹ ላይ የምትወጣ ናት። ቅጠላቸውን ያየ አይሳሳትም፦ የኑግ አረንጓዴ ቅጠል ሰፊና ያልተከፋፈለ ሲሆን የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። የኑግ አበባ ጫፍም ሦስት ጥርስ አለው። የፍኖተ ሰላም ገበሬ እንዲህ ያለውን ሥዕል ሲያይ ዝም የሚለው ለእንግዳ ክብር ብሎ ነው።

ገበሬ ካነሣሁ አይቀር፣ ከሰዓሊ መምህር ያልሰማሁትን የሰማሁት ጃቢ ጠህናን ውስጥ ነው። አብሮኝ የነበረ አንድ ወጣት ሰዓሊ በማሳ ዳር አንድ ዘለላ አደይ በነጭ ጀርባ ላይ ሥሎ ጨርሷል። እጁ ጥሩ ነው፤ አበባው እንከን አልነበረውም። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ አንዲት እናት እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆም አሉና አዩት። «ምነው ልጄ፣ ብቻዋን ገተርሃት? እናቷም አባቷም ሣሩ አይደል?» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ልጁ ሳቀ። በማግስቱ ግን ሸራውን መልሶ ጀርባውን በሙሉ ሣር አደረገው፤ አበባዋ በብሩሽ ሳትነካ ከበፊቱ እጥፍ በራች።

ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭሩል በ1839 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ነገር ሕግ አድርጎ ጽፎታል፦ ሁለት ቀለማት ጎን ለጎን ሲቀመጡ እያንዳንዱ ሌላውን ወደ ተቃራኒው ይገፋል። እሱ ነገሩን ያገኘው በፓሪስ ጎብላ የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ በነበረበት ጊዜ ሲሆን፣ ሸማኔዎቹ «ጥቁሩ ክር ደከመ» እያሉ ሲያማርሩ ጥፋቱ የክሩ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ቀለም መሆኑን ደረሰበት። እንግዲህ የእኛዋ እናት ያሉት ይኸው ነው። ቢጫ የሚበራው ወደ ወይን ጠጅ ባዘነበለ ግራጫ ፊት ነው። አዘገጃጀቱን ልስጣችሁ፤ ማንም ከእኔ ሰማሁ እንዳይል፦ አልትራማሪን ሰማያዊና የተቃጠለ ሲዬና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡኒ ትቀላቅላላችሁ፣ ነጭ ትጨምራላችሁ፣ ሰማያዊው በጥቂቱ እንዲያይል ታደርጋላችሁ። የሚወጣው በመስከረም ከዝናብ በኋላ በሩቅ ኮረብታ ላይ የሚታየው ዳለቻ ነው። በዚያ ላይ የምታስቀምጡት ማንኛውም ቢጫ፣ ርካሹም ቢሆን፣ ወርቅ ይመስላል።

ሣሩስ? ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ አትንኩ። የፕላስቲክ አበባ የሚያስመስለው እሱ ነው። ቅድም ቢጫና ጥቁር ሲገናኙ አረንጓዴ ይሆናል ብዬ ያማሁት ነገር እዚህ ሲሆን በረከት ነው፦ የመስከረም ሣር ትክክለኛው አረንጓዴ ከኦከርና ከጥቁር ይወጣል። አበባው ላይ ያጠፋችሁ ቅልቅል ከአበባው ሥር ያድናችኋል።

ስለ ቀጋ ብዙ አላወራም፤ ገበያ የለውም። ግን ልባችሁ ሥዕል ከወደደ የቀጋን አበባ የሣለ ሰው ፈልጉ። ቀጋ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የበቀለች ብቸኛዋ የጽጌረዳ ዘር ናት፤ አምስት ቅጠል ያላት፣ ነጭ፣ መሐሏ ቢጫ። በአጥርና በቁጥቋጦ መካከል ናት፤ እረኛ ፍሬዋን ይበላል፣ አበባዋን ግን የሚያያት የለም። ነጭን መሣል የሰዓሊ ፈተና ነው፤ ነጭ የሆነ ነገር ላይ ነጭ ቀለም የሚገባው ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ነውና። የቀረው የሰማዩ ሰማያዊ፣ የቅጠሉ አረንጓዴ ነጸብራቅ፣ የመሐሉ ቢጫ ጥላ ነው። ደንበኛ ግን ሲመጣ «ቀይ ጽጌረዳ፣ ትልቅ፣ ጤዛ ያለበት» ይላል። ሆቴሉም፣ ቢሮውም፣ ለሙሽራ ስጦታ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ጤዛውን ልንገራችሁ፤ የሙያው ትልቁ ማታለያ ነው። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ በመጨረሻው ሰዓት የሚሠራ ነገር ነው። ሰው የሚያስበው የውሃ ጠብታ ነጭ ነው ብሎ ነው። ጠብታ የራሱ ቀለም የለውም፤ የተቀመጠበትን ቀለም ይበደራል። ብርሃኑ በሚመጣበት ወገን ጠብታው ውስጥ ጨለም ይደረጋል፤ በተቃራኒው ወገን ይፈካል፤ ከውጭ በኩል፣ በሥሩ፣ ቀጭን ጥላ ይቀመጣል። ከዚያ በጨለማው ወገን ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ጣል ይደረጋል። ማንም የብሩሽ ሰው ይህን በጥቂት ደቂቃ ይሠራዋል፤ ገዢው ግን ከሥዕሉ ሁሉ እሷን በጣቱ ሊነካ ይሞክራል፣ ዋጋውንም የሚቀበለው እዚያ ላይ ነው። በአንድ ሸራ ላይ ጤዛ በበዛ ቁጥር ሥዕሉ ደካማ እንደሆነ ጠርጥሩ። ጤዛ የሚበዛው አበባው ራሱ ያልወጣ ሲሆን ነው።

ቀዩ ጽጌረዳ ሌላም ጉድ አለበት፤ ይደበዝዛል። በርካሽ የቀለም ስብስብ ውስጥ ያለው ሮዝና ወይን ጠጅ ቀይ ፀሐይ በሚገባበት ሳሎን ውስጥ ዓመታት ሲያልፉ ሐሞቱ ይፈስሳል። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሆላንድ የአበባ ሰዓሊዎች በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን የዓለምን ምርጥ የአበባ ሥዕል ሠርተዋል፤ ዛሬ በየሙዚየሙ ሲታዩ ግን ብዙዎቹ ቅጠሎች ሰማያዊ ናቸው። አረንጓዴውን የሠሩት በሰማያዊ ላይ ከዕፀዋት የተነጠረ ቢጫ በመደረብ ነበር፤ ቢጫው በብርሃን ጠፋና ሰማያዊው ብቻውን ቀረ። ከእነዚያ መካከል ዋነኛው ያን ፋን ሃይሰም (1682–1749 እ.ኤ.አ.) ምስጢሩ እንዳይወጣ የገዛ ወንድሞቹን እንኳ ወደ መሥሪያ ክፍሉ አያስገባም ነበር ይባልለታል። ይኸው ሰው በ1742 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ አንድ ሥዕል ያልጨረሰው ቢጫ ጽጌረዳ ስላላገኘ መሆኑን ለደንበኛው ወገን አስረድቷል። ከትዝታው አልሣለም፤ የሚቀጥለውን የአበባ ወቅት ጠበቀ። አደይንም በእውነት የሚሥል ሰው እንዲሁ ነው። አደይ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምራ ብቅ ብላ ጥቅምት ሲገባ ትረግፋለች፤ ያመለጠው ሰው ዓመት ይጠብቃል። በጥር ወር «ትኩስ የአደይ ሥዕል ልሥራልህ» የሚላችሁ ሰው ከስልኩ ነው የሚሠራው።

ወደ መደብዘዙ ልመለስ፤ ሰዓሊው ቫን ጎግም አልቀረለት። በ1888 እና በ1889 እ.ኤ.አ. በአርል ከተማ ከሣላቸው የሱፍ አበባዎች አንዳንዶቹ ቢጫ በቢጫ ላይ የተሠሩ ናቸው። የተጠቀመበት ክሮም ቢጫ፣ ማለትም የእርሳስና የክሮሚየም ውሁድ፣ በብርሃን ወደ ቡኒ የሚያዘነብል መሆኑ ይታወቅ ነበር፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ምርመራ ደግሞ ክሮሚየሙ ኬሚካላዊ ባሕርዩን ስለሚለውጥ መሆኑን አሳየ። እንግዲህ በቫን ጎግ የደረሰ በእኛ ቢደርስ አይገርምም፤ ግን መከላከል ይቻላል። የቀለም ቱቦ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። «ካድሚየም ቢጫ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ «ሂዩ» የምትል ትንሽ ቃል ከተከተለች ውስጡ ካድሚየም የለም፤ መልኩን የሚያስመስል ሌላ ነገር ነው። እውነተኛው ካድሚየም ቢጫ ኮዱ ፒ.ዋይ. 35 ወይም ፒ.ዋይ. 37 ነው። ምትኩ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ አንዳንዱ ደኅና ይጸናል። ግን አስመስሎ የቀረበውን በዋናው ዋጋ አትግዙ። ኮድ የሌለው ቱቦ ከሆነ ደግሞ ካርቶን ላይ ቀብታችሁ ግማሹን በወረቀት ሸፍኑና ክረምት እስኪገባ መስኮት ላይ ለጥፉት። ገልጣችሁ ስታዩ ሻጩ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል።

ከቀለሙ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ዘይቱ ነው። የዘይት ቀለም የምንለው ብዙ ጊዜ ዱቄት ቀለም በተልባ ዘይት የታሸ ነው። ከሰሜን አውሮፓ እስከ ጣሊያን ብዙ ሊቃውንት የሠሩት በተልባ ነው፤ ያቺው ደጋው ጎጃም የሚዘራት፣ በጾም በጥብጠን የምንጠጣት ተልባ። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ በትነት አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል፣ ለዚህም ቀናት ይፈልጋል። ጉድለቱ ጨለማ ቤት ውስጥ ወደ ቢጫ ማዘንበሉ ነው። ስለዚህ ፋብሪካዎች ነጩን ቀለም ብዙ ጊዜ በሱፍ ዘይት ያሹታል፤ ሱፍ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ግን እምብዛም አይቢጭም። የኑግ ዘይትም ከሱፍ ጋር የሚቀራረብ ባሕርይ አለው፤ የሚደርቅ ዘይት ነው፣ ለቀለም ሥራም በዓለም ላይ ይውላል። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ ግዙፍ የምግብ ዘይት ፋብሪካ አለ፤ ማሳው ኑግ ነው፣ ደጋው ተልባ ነው፤ ሰዓሊው ግን በትንሽ ጠርሙስ የታሸገ የተልባ ዘይት ከውጭ በመጣበት ዋጋ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ይገዛል። ይህ የኢኮኖሚ ጥያቄ ነው፤ ለሰዓሊ አይተውም። ቤት ውስጥ መሞከር ለምትፈልጉ ግን አንድ ነገር፦ ተልባው ሳይቆላ የተጨመቀ ይሁን። የተቆላው ቡኒ ቀለሙን ይዞ ይመጣል፤ ቢጫችሁን ገና ሳትጀምሩ ያበላሸዋል።

ይህ ሁሉ ሙያ ከየት መጣ ብትሉ፣ በአንድ በኩል ከቤተ ክርስቲያን ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ ለ40 ቀን ወርኃ ጽጌ ነው፤ የእመቤታችን ስደት ይታሰባል፣ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፣ ጌታም እሷም በአበባ ይመሰላሉ። በእነዚህ ሳምንታት ደብተራው የሚያዜመው አበባና ከቅጥሩ ውጭ ያለው አበባ አንድ ይሆናሉ። የጥንቶቹ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎች ኦርፒመንት ከሚባል የአርሴኒክ ማዕድን የሚገኝ ቢጫ ነበራቸው፤ መርዝ ነው፣ ግን ምን የመሰለ ቢጫ! እነሱ ጥላ አይሠሩም፤ ቢጫውን ወጥ አድርገው ይቀቡና በቀይ ወይም በጥቁር መስመር ያጥሩታል። ቢቸና አካባቢ የተወለዱት ቄስ አዳሙ ተስፋው፣ ሥራቸው ሎስ አንጀለስ ፋውለር ሙዚየም ድረስ የደረሰው፣ የዚህ ወገን ልጅ ናቸው። አስተውሉ፤ መንገዱ ቢለያይም ብልሃቱ አንድ ነው። እነሱም ቢጫውን የሚያወጡት በዙሪያው ባለው ነገር ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ሙያው የመጣው ከእንቁጣጣሽ ነው። ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ፣ በየጎጃሙ መንደርም እንግጫ የሚባለውን ሣር ሲነቅሉና ከአደይ ጋር ሲጎነጉኑ፣ የከተማው ወንድ ልጅ በደብተር ወረቀት ላይ አበባና መልአክ ሥሎ «እንቁጣጣሽ» እያለ በየቤቱ ያዞር ነበር። አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን ሳንቲም ያገኘነው በዚያች ወረቀት ነው። ዛሬ የታተመው ካርድ ገበያውን ወሰደው፤ ልጁም የሚገዛውን ያከፋፍላል እንጂ አይሥልም። እኔ ይህን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለዘመናዊው ሥዕላችን ብዙ አድርጓል፤ ግን ልጁ ወደዚያ በር የሚደርሰው መጀመሪያ በወረቀት ላይ አደይ ሥሎ ከሆነ ነው። አፈወርቅ ተክሌም (1925–2004 ዓ.ም.) በዓለም ፊት ከቆሙባቸው ሥራዎች አንዱን «የመስቀል አበባ» ብለው ሲሰይሙ ከየት እንደመጡ ያውቁ ነበር።

እንግዲህ የመጨረሻውን ሹክሹክታ ልበልና ልሂድ። በዚህ ዓመት የአበባ ሥዕል የምትገዙ ከሆነ ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ግድግዳ አርቃችሁ ስቀሉት። ፍሬሙ የዋንዛ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ የአገር እንጨት ነው። ጠጋ ብላችሁ መስመሮቹን እዩ፤ ቅጠሉን እዩ፣ ኑግ እንዳይሆን፤ ጤዛውን ቁጠሩ። ከዚያ ሰዓሊውን አንድ ነገር ለምኑት፦ ሸራውን ገልብጦ ጀርባው ላይ የተጠቀመባቸውን ቀለሞች ስምና ኮድ፣ ዘይቱን፣ ዓመተ ምሕረቱንና ቦታውን በእርሳስ ይጻፍላችሁ። የእኛ ሰዓሊዎች ይህን አይጽፉም፤ ስማቸውን ከፊት ይፈርሙና ያበቃል። ሥዕሉ ነገ ሲደበዝዝ ወይም ሲሰነጠቅ የሚያክመው ሰው ምን እንዳለበት በቀላሉ የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም። እምቢ ካለ «ምስጢር ነው» ይላችኋል፤ ምስጢሩን ግን አሁን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አጥብቃችሁ ጠይቁት።